የቢዝነስ ሶፍትዌር «ገደብ ሞልቷል» ሲል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ባሉ የዩኒየን፣ የሆቴል፣ የጅምላ ንግድና የፋብሪካ ሒሳብ ክፍሎች የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ እንጀምራለን።

«ገደብ ሞልቷል» የሚል መልእክት ሲመጣ ሶፍትዌሩ ተበላሽቷል ማለት ነው?

አይደለም። ጎተራ ሲሞላ እህሉ ውጭ ያድራል እንጂ ጎተራው አይፈርስም። ሶፍትዌር ለመሥራት ራም፣ የዲስክ ቦታ፣ የተጠቃሚ ላይሰንስ፣ ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው መስመርና ጊዜ ይፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ ካለቀ ሌሎቹ ቢተርፉም ሥራው ይቆማል።

መጀመሪያ ያለቀው የትኛው እንደሆነ ይለያል፤ ገደቡ የማን እንደሆነም አብሮ ይታያል። አንዳንዱ ገደብ የማሽኑ ነው፣ አንዳንዱ የዊንዶውስ፣ አንዳንዱ ደግሞ የገዙት ወይም በነፃ ያወረዱት እትም ነው። የማሽኑን ገደብ በገንዘብ ማስፋት ይቻላል። የእትሙ ገደብ ግን ራም ቢቆልሉበትም ንቅንቅ አይልም።

ስህተቱ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ላድርግ? ሰርቨሩን አጥፍቼ ባበራውስ?

ለማጥፋት አይቸኩሉ። ሰርቨሩ ሲጠፋ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል፤ ሥራው ለአንድ ቀን ይነሳና በማግስቱ እዚያው ቦታ ላይ ይወድቃል። መልእክቱን ከነቁጥሩ በስልክ ፎቶ ያንሱት። ባለሙያ ጋ ደውሎ «ሲስተም እምቢ አለን» ማለት ምንም አይጠቁመውም፤ 1105፣ 9002 ወይም 701 የሚል ቁጥር ግን ግማሹን ሥራ ያቃልልለታል። ሰዓቱን፣ የማን ኮምፒውተር ላይ እንደመጣና ሰውየው ምን እየሠራ እንደነበር ይጻፉ። ካሸሯ ጋ ብቻ ከሆነ ፍተሻው ከእሷ ማሽን ይጀምራል፤ ሁሉም ጋ ከሆነ ከሰርቨሩ።

ከዚያ ሰርቨሩ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱና «ፐርፎርማንስ» ውስጥ «ሜሞሪ» የሚለውን ይጫኑ። ብዙ ሰው ግራፉን ብቻ አይቶ ይዘጋዋል። መታየት ያለበት ከግራፉ ሥር «ኮሚትድ» በሚለው ቃል አጠገብ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ለምሳሌ 15.6/15.9 ካለ ሰርቨሩ ሊያበድር የሚችለውን ሜሞሪ ጨርሷል ማለት ነው። ሲ ድራይቭ ላይ የቀረውን ቦታም አብረው ይመልከቱ። ሲ ድራይቭ ሲሞላ ዊንዶውስ የፔጅ ፋይሉን (ራም ሲያንስ በዲስክ ላይ የሚተካውን ፋይል) ማሳደግ ስለማይችል የዲስክ ችግር «ሜሞሪ አልቋል» የሚል ልብስ ለብሶ ይመጣል።

ራም ብጨምርበት ይስተካከላል?

አንዳንዴ። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ግን ሦስት ነገር ያረጋግጡ። አንደኛ፣ ታስክ ማናጀር ውስጥ ከፕሮግራሙ ስም አጠገብ «32 ቢት» የሚል ጽሑፍ አለ? ካለ ፕሮግራሙ በተለምዶ 2 ጊጋ ባይት፣ ለዚያ ተብሎ ከተሠራ ደግሞ ቢበዛ 4 ጊጋ ባይት ብቻ ነው የሚጠቀመው። ማሽኑ 32 ጊጋ ባይት ራም ቢኖረው እንኳ ከዚያ አያልፍም።

ሁለተኛ፣ ዳታቤዙ (የሶፍትዌሩ መዝገብ የሚቀመጥበት) ነፃው የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ ከሆነ ለዳታ ማቆያ የሚወስደው ራም ከ2016 እትም ወዲህ 1,410 ሜጋ ባይት ነው፤ ፕሮሰሰርም ከ4 ኮር በላይ አይጠቀምም። «ሰርቨሩ ደካማ ነው» ተብሎ አዲስ ማሽን ተገዝቶ ፍጥነቱ ያው የሚሆነው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። የሚከፈልበት ሙሉ እትም ካልተገደበ ያገኘውን ራም ሁሉ ይይዛል፤ ከዚያ ዊንዶውስና ሌሎች ፕሮግራሞች ይታነቃሉ። ማኔጅመንት ስቱዲዮ (የኤስኪውኤል ሰርቨር ማስተዳደሪያ ፕሮግራም) ውስጥ ሰርቨሩን በቀኝ ተጭነው «ፕሮፐርቲስ»፣ ቀጥሎ «ሜሞሪ» ይግቡና «ማክሲመም ሰርቨር ሜሞሪ» ላይ ቁጥር ይስጡት። 16 ጊጋ ባይት ላለው ሰርቨር ከ10 እስከ 12 ጊጋ ባይት ይበቃል። ሰርቨሩን ማጥፋት አያስፈልግም።

«ተጨማሪ ተጠቃሚ መግባት አይችልም» ይለናል፤ እኛ ግን ያለነው አራት ነን። ሌላው ከየት መጣ?

ብዙ ጊዜ መብራት የጣለው ነው። አንድ ሰው ሲስተሙ ውስጥ ገብቶ እየሠራ መብራት ሲጠፋበት ፕሮግራሙ በሥርዓቱ አልወጣም፤ ሰርቨሩ ግን በዩፒኤስ ስለሚቆይ ሰውየውን ገና እንዳለ ይቆጥረዋል። መብራት ሲመጣ ያው ሰው እንደገና ሲገባ ሁለት ሆነ ማለት ነው። እንደ ሒሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪ ፕሪሚየም ያለ እስከ 5 ሰው የሚፈቅድ እትም በአንድ መብራት መጥፋት ይሞላል። ሁሉም ሰው እንዲወጣ ያድርጉ፤ በእርግጥ መውጣቱንም በዓይንዎ ያረጋግጡ። ከዚያ ሰርቨሩ ላይ «ሰርቪስስ» ውስጥ ገብተው የዳታቤዙን ሰርቪስ ሪስታርት ያድርጉ፤ በፒችትሪ ይሄ የፐርቫሲቭ ሰርቪስ ነው። ሰው ገብቶ ሳለ ሪስታርት ከተደረገ በግማሽ የተመዘገበ ደረሰኝ ይቀራል፤ እሱን ማስተካከል ደግሞ ከላይሰንሱ ችግር ይብሳል።

ሌላው ምንጭ ዊንዶውስ ራሱ ነው። ብዙ ቢሮ «ሰርቨር» የሚለው ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ፕሮ የተጫነበት ተራ ኮምፒውተር ሲሆን፣ ይህ ሼርድ ፎልደር ላይ በአንድ ጊዜ ከ20 በላይ መሣሪያ አያስገባም። ፕሪንተር፣ ስካነርና የኃላፊው ላፕቶፕ ሁሉ ይቆጠራሉ። «ኮምፒውተር ማኔጅመንት» ውስጥ «ሼርድ ፎልደርስ»፣ ቀጥሎ «ሴሽንስ» ቢከፍቱ ማን ማን እንደገባና ስንት ደቂቃ ሥራ እንደፈታ ይዘረዝርልዎታል። ቁጥሩ ዘወትር 17፣ 18 የሚል ከሆነ ዊንዶውስ ሰርቨር መግዛት ግድ ነው፤ አቋራጭ የለውም።

ዲስኩ ላይ 300 ጊጋ ባይት ባዶ ቦታ እያለ ዳታቤዙ «ቦታ የለም» የሚለው ለምንድን ነው?

ስህተቱ 1105 ወይም 1827 ከሆነ የሞላው ዲስኩ አይደለም። ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ ከ2008 አር2 እትም ጀምሮ ለአንድ ዳታቤዝ 10 ጊጋ ባይት ብቻ ይፈቅዳል፤ ከዚያ በፊት 4 ነበር፣ በ2025 እትም ደግሞ 50 ሆኗል። የሚቆጠረው የዳታ ፋይሉ ነው፤ የሎግ ፋይሉ (እያንዳንዱ ለውጥ የሚመዘገብበት) አይቆጠርም።

የሒሳብ መዝገብ ብቻውን 10 ጊጋ ባይት ለመሙላት ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ቶሎ የሚሞላው በስካን ነው። አንድ ዩኒየን በማዳበሪያ ሥርጭት ወቅት በቀን 60 የርክክብ ሰነድ በቀለም ስካን አድርጎ ሲስተሙ ላይ አያይዞ ቢያስቀምጥ፣ አንዱ 1 ሜጋ ባይት ቢሆን በቀን 60፣ በ25 የሥራ ቀን 1.5 ጊጋ ባይት ይሆናል። በሰባት ወር ውስጥ ሞላ ማለት ነው። ያው ሰነድ በጥቁርና ነጭ፣ በ150 ወይም በ200 ዲፒአይ ቢነሳ መጠኑ ወደ ጥቂት መቶ ኪሎ ባይት ይወርዳል፤ ማኅተሙም ፊርማውም በደንብ ይነበባል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሶፍትዌሩ ከፈቀደ ስካኑን በፎልደር አስቀምጦ ዳታቤዙ ውስጥ አድራሻውን ብቻ መያዝ ነው።

ጥፋተኛውን ለማግኘት ማኔጅመንት ስቱዲዮ ውስጥ ዳታቤዙን በቀኝ ተጭነው «ሪፖርትስ»፣ «ስታንዳርድ ሪፖርትስ»፣ «ዲስክ ዩሴጅ ባይ ቶፕ ቴብልስ» ይክፈቱ። ሰንጠረዦቹን ከትልቁ ጀምሮ ይደረድርልዎታል። አንደኛ ላይ የሚወጣው ወይ አባሪ ሰነድ ነው ወይ ማን ምን እንደነካ የሚመዘግበው የኦዲት ሰንጠረዥ።

የቆዩ ዓመታትን ዳታ አጥፍቼ ቦታ ባስለቅቅስ?

በእጅዎ ከሰንጠረዥ ላይ አያጥፉ። የ2014ን ደረሰኞች ብቻ ነቅለው ሲያወጡ የ2015 መነሻ ሚዛን ይናጋል። የግብር ሕጉም የሒሳብ ሰነድ ለዓመታት እንዲቆይ ያዛል።

ገደቡ ለእያንዳንዱ ዳታቤዝ ለየብቻ መሆኑን ይጠቀሙበት። ሙሉ ባክአፕ ይውሰዱና እዚያው ሰርቨር ላይ «ሒሳብ 2014» በሚል ሌላ ስም ሪስቶር ያድርጉት፤ ለማንበብ ብቻ የሚከፈት ይሁን። ኦዲተር ሲመጣ ከዚያ ያያል። ከዋናው ላይ ግን የሶፍትዌሩን የራሱን የዓመት መዝጊያ ወይም የማኅደር መሣሪያ ተጠቅመው ይቀንሱ። ከቀነሱ በኋላ የፋይሉ መጠን ባይወርድም አይደንግጡ፤ ባዶ የሆነው ቦታ ውስጥ ለውስጥ እንደገና ይሠራበታል። «ሽሪንክ» ማድረግ (ፋይሉን ማሳነስ) ኢንዴክሱን (ዳታቤዙ ቶሎ የሚፈልግበትን ማውጫ) ስለሚበታትን ሪፖርት ያዘገያል እንጂ እዚህ ላይ አይጠቅምም።

የሎግ ፋይሉ ከዳታው አምስት እጥፍ ሆነ። ላጥፋው?

በፍጹም። ሎጉን ዴሊት ያደረገ ዳታቤዙን አብሮ ሊያጣ ይችላል። ስህተት 9002 ማለት ሎጉ ሞልቷል ማለት ነው፤ የሚሞላውም አብዛኛውን ጊዜ ዳታቤዙ «ፉል» በሚባለው የሪከቨሪ ሞዴል (የዳታ መመለሻ ቅንብር) ላይ ሆኖ የሎግ ባክአፕ ሳይወሰድ ሲቀር ነው። በየማታው ሙሉ ባክአፕ እየወሰዱ «እኛ እንኳ ባክአፕ አለን» የሚሉ ቢሮዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ሙሉ ባክአፕ ሎጉን አያራግፍም፤ የሚያራግፈው የሎግ ባክአፕ ብቻ ነው።

ሁለት መንገድ አለ። እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ የተመዘገበውን መመለስ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ በ«ፉል» ቆዩና በየሰዓቱ የሎግ ባክአፕ ውሰዱ። መብራት ቢያጠፋው ወይም ዲስኩ ቢሞት የዛሬን ሥራ ከወረቀት ላይ እንደገና መመዝገብ አያቅተንም የምትሉ ከሆነ ደግሞ ወደ «ሲምፕል» ቀይሩት፤ ለአብዛኛው ትንሽ ቢሮ ይሄ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ሎጉን አንድ ጊዜ ብቻ ሽሪንክ ማድረግ ይቻላል። ኤክስፕረስ እትም የራሱ ሰዓት ጠባቂ ስለሌለው ባክአፑን በዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር ነው የምታስይዙት። ማስቀመጫው ሌላ ዲስክ ይሁን፤ ሲ ድራይቭ ላይ የተጠራቀመ ባክአፕ ራሱ ሰርቨሩን ያቆማል።

ወደ ኤክሴል ሳወጣ ይቋረጣል፣ ወይም ጎደሎ ሆኖ ይወጣል

የአሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት 65,536 ረድፍ፣ የአዲሱ ደግሞ 1,048,576 ረድፍ ነው የሚይዘው። የወጣው ሪፖርት ልክ ከእነዚህ ቁጥሮች በአንዱ ላይ ከቆመ ቀሪው ተቆርጧል። አንዳንድ ሶፍትዌር ይህን ሳይናገር ይቆርጣል፤ ስለዚህ ድምሩን ከሲስተሙ ድምር ጋር ሳያስተያዩ ለማንም አይላኩ።

ለትልቅ ሪፖርት ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ ተራ የጽሑፍ ፋይል) ይሻላል፤ ራምም አይበላም። ግን ሁለት ወጥመድ አለው። ሲኤስቪውን ሁለቴ ተጭነው ሲከፍቱት የአባላቱ ስም በአማርኛ ከተጻፈ ጉድ ሆኖ ይወጣል። ባዶ ኤክሴል ከፍተው «ዳታ»፣ ቀጥሎ «ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ» ብለው ፋይሉን ይምረጡና «ፋይል ኦሪጅን» ላይ 65001 ያድርጉ፤ ፊደሉ ይስተካከላል። ሁለተኛው፣ 0101 የሚል የሒሳብ መለያ 101 ይሆናል። እዚያው መስኮት ላይ የዚያን ዓምድ ዓይነት «ቴክስት» ካላደረጉ ዜሮዋ ትጠፋለች።

የሰኔ 30 መዝጊያ ሪፖርት «ጊዜ አልቋል» እያለ ይወድቃል። የጊዜ ገደቡን ላስረዝመው?

ያ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። በዶት ኔት (በማይክሮሶፍት የሶፍትዌር መሥሪያ) የተሠሩ ብዙ ሶፍትዌሮች አንድን ጥያቄ የሚጠብቁት 30 ሰከንድ ነው። ዓመቱን ሙሉ በ5 ሰከንድ ሲወጣ የከረመ ሪፖርት ሰኔ ላይ 30 ካለፈ አንድ የተለወጠ ነገር አለ።

በመጀመሪያ ሌላ ሰው መንገድ ዘግቶ እንደሆነ ይታይ። ማኔጅመንት ስቱዲዮ ውስጥ «አክቲቪቲ ሞኒተር» ከፍተው «ብሎክድ ባይ» የሚለውን ዓምድ ይከተሉ። ቁጥር ካለበት ያ ቁጥር ወደ አንድ ሰው ያደርስዎታል። ብዙ ጊዜ ንብረት ክፍል ቆጠራ መመዝገብ ጀምሮ መስኮቱን ሳይዘጋ ምሳ የወጣ ሰው ይገኛል። ሰውየውን ፈልጎ ማስዘጋት ሴሽኑን (ግንኙነቱን) ከመግደል ይሻላል፤ ከተገደለ የመዘገበው ሁሉ ወደ ኋላ ይመለሳል።

መንገድ የዘጋ ከሌለ የቀን ማጣሪያውን ይመርምሩ። እኛ አገር የተለመደ አንድ ጉድ እዚህ አለ። ዳታቤዙ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ይይዛል፤ የሪፖርቱ ጸሐፊ ደግሞ እያንዳንዱን ረድፍ ወደ ኢትዮጵያ ቀን ቀይሮ ከዚያ በኋላ «በ2017 በጀት ዓመት ውስጥ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ ሲሆን ኢንዴክሱ ሥራ ይፈታና መቶ ሺህ ረድፍ ካለ መቶ ሺህ ጊዜ ይቀየራል። መደረግ ያለበት ሁለቱን የዳር ቀኖች አንድ ጊዜ ብቻ መቀየር ነው፦ ሐምሌ 1 ቀን 2016 ማለት በፈረንጅ ጁላይ 8 ቀን 2024፣ ሰኔ 30 ቀን 2017 ማለት ጁላይ 7 ቀን 2025 ነው። በእነዚህ መካከል ያለውን አምጣ ሲሉት ኢንዴክሱን ተጠቅሞ ያወጣዋል። ይህን አንድ መስመር ያስተካከለ ፕሮግራመር አዲስ ሰርቨር ከመግዛት አድኖዎታል።

በብራውዘር የምንሠራበት ሲስተም 413፣ 502 ወይም 504 ያወጣል። ልዩነታቸው ምንድን ነው?

413 የላኩት ፋይል ከተፈቀደው በልጧል ማለት ነው። ከሲስተሙ ፊት ቆሞ ጥያቄ የሚቀበለው ኤንጂንኤክስ የተባለው ዌብ ሰርቨር ካልተነገረው በስተቀር ከ1 ሜጋ ባይት በላይ አያሳልፍም። 504 ከኋላ ያለው ሲስተም በጊዜው አልመለሰም ማለት ነው፤ የኤንጂንኤክስ ትዕግሥት 60 ሰከንድ ነው። 502 ደግሞ ከኋላ ያለው ሂደት ሞቷል ወይም ተገድሏል።

ኦዱ የተባለውን የቢዝነስ ሶፍትዌር በወርከር (ሥራውን በሚከፋፈሉ ሂደቶች) የምታሠሩ ከሆነ የሚገድለው ራሱ ኦዱ ሊሆን ይችላል። ካልተቀየረ በስተቀር አንድ ሥራ ከ120 ሰከንድ፣ ወይም በፕሮሰሰር ጊዜ ከ60 ሰከንድ በላይ ከቆየ ያቋርጠዋል፤ ወርከሩ ከ2,048 ሜጋ ባይት ራም ካለፈ የያዘውን ሥራ ሲጨርስ ይተካዋል፣ 2,560 ላይ ግን አይታገስም። የ5,000 አባላት ዝርዝር በአንድ ጊዜ ከማስገባት በ500፣ በ500 ከፍሎ ማስገባት ቁጥር ከመነካካት ይቀድማል። የወርከር ቁጥርን ያለ ልክ መጨመርም ሌላ ገደብ ላይ ይጥላል፤ የኦዱ ዳታቤዝ የሆነው ፖስትግሬስ በመነሻው የሚቀበለው 100 ግንኙነት ነው።

ሞጣ ወይም ዱርቤቴ ያለ ቅርንጫፍ በሞባይል ዳታ ሲሠራ የሚያየው «ግንኙነት ተቋረጠ» ግን ከእነዚህ ውስጥ አይደለም። የስህተት ቁጥር ከሌለውና ዋናው ቢሮ ያለምንም ችግር እየሠራ ከሆነ መስመሩን ነው መጠርጠር።

ራምም ዲስክም ተርፎ ሳለ ከሰዓት በኋላ «ሜሞሪ አልቋል» ይላል፤ ቁልፎቹም ከመስኮቱ ላይ ይጠፋሉ

ይሄ ብዙ ባለሙያ ያደክማል። ዊንዶውስ አንድ ፕሮግራም በስክሪን ላይ ለሚስላቸው ነገሮች፣ ማለትም ለቁልፍ፣ ለፊደል፣ ለአዶ፣ የራሱ ኮታ አለው፤ ጂዲአይ ኦብጀክት ይባላሉ፣ ገደቡም ለአንድ ፕሮግራም 10,000 ነው። በደንብ ያልተሠራ ሶፍትዌር መስኮት ሲዘጋ የሳለውን አይመልስም። ካሸሯ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ገብታ በየደንበኛው የደረሰኝ መስኮት ስትከፍትና ስትዘጋ ቁጥሩ ይጠራቀማል፤ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ኮታው ይሞላና ቁልፎች ባዶ ሆነው ይታያሉ፣ ጽሑፍ ይጠፋል፣ ፕሮግራሙም «ሜሞሪ አልቋል» ብሎ ይዘጋል።

ለማረጋገጥ በካሸሯ ማሽን ላይ ታስክ ማናጀር «ዲቴይልስ» ውስጥ ይግቡ፤ የዓምዶቹን ርዕስ በቀኝ ተጭነው «ሴሌክት ኮለምስ» ይበሉና «ጂዲአይ ኦብጀክትስ» ላይ ምልክት ያድርጉ። ቁጥሩን ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ከሰዓት በኋላ ይጻፉት። 400፣ 4,200፣ 8,900 እያለ ከወጣና ወደ ታች ካልተመለሰ ጉዳዩ ተገኘ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ መስኮቱን 20 ጊዜ ከፍተው ይዝጉና ስንት እንደጨመረ በ20 ያካፍሉት፤ አንድ ደረሰኝ ስንት እንደሚያፈስ ይነግርዎታል። ያንን ቁጥር ከመስኮቱ ስም ጋር ለሶፍትዌሩ ሠሪ ይላኩ። በሬጅስትሪ (በዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ኮታውን እስከ 65,536 ማሳደግ ይቻላል፤ ግን ቀዳዳውን ሳይደፍኑ እንስራውን መቀየር ነው። እስኪስተካከል ድረስ ካሸሯ ምሳ ስትወጣ ፕሮግራሙን ዘግታ ስትመለስ ትክፈተው፤ ቁጥሩ ከዜሮ ይጀምራል።